«ረግረግ ባዶ መሬት ነው» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

ሥራዬ ረግረግ መሬትና ወፎች ላይ ነው። ስለዚህ ስብሰባ አይቀርልኝም። ገና ከመጀመሩ አንዱ እጁን ያወጣል፤ ምን ሊል እንደሆነም አውቃለሁ። ትንንሾቹን ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ልመልስና ወደ ዋናው እንግባ።

«ረግረግ የወባ ቤት ነው።» ቆላ ከሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን በእኛ አገር ዋነኛዋ የወባ ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚመታው ትንሽ ኩሬ ነው። የከብት ኮቴ፣ ለጡብ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የተረሳ ቦይ። ሣር ጥቅጥቅ አድርጎ የሸፈነው ረግረግ ያን ያህል አይመቻትም።

«የመስቀል ወፍ ከውጭ መጥታ ትሄዳለች።» የትም አትሄድም! በየአካባቢው የመስቀል ወፍ የሚሏት ትለያያለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ክረምት ሲገባ ላባውን ቀይሮ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር የሚሆን ወንድ ወፍ ነው። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ያን ልብስ አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ጥር ላይ አጥር ላይ ተቀምጦ ብታዩት ድንቢጥ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

«የፈረንጅ ወፎች ናቸው፣ እኛን ምን አገባን?» ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች፣ እነዚያ አንገተ ረጅምና እግረ ረጅም ትልልቅ ወፎች፣ በጋውን ጣና ዳርና ፎገራ ሜዳ ላይ ነው የሚያሳልፉት። ቢሾፍቱ አጠገብ ጨለለቃም ይታያሉ። ቀን የታጨደ ማሳ ላይ የረገፈ እህል ይለቅማሉ፤ ሌሊት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጅብም ሆነ ቀበሮ ውሃውን ሳያንቦጫርቅ አይደርስባቸውም። ውሃውን ካደረቃችሁት ማሳው በእህል ቢሞላም ማደሪያ የላቸውም። ግማሽ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ እዚህ የሚኖር ወፍ ደግሞ የእኛም ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ይሄ ባዶ መሬት ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ለምን አይታረስም?»

አንድ ኃላፊ ይህንን ሲሉኝ ረግረጉ ዳር ቆመው ከጫማቸው ላይ ጭቃ በእንጨት እየፋቁ ነበር። ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ሴቶች ለበዓል ገበያ ቄጠማ ያጭዳሉ። ለእንቁጣጣሽ ቤታችን ውስጥ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከየት ይመጣል ብለን ነው?

ውሃ ዓመቱን ሙሉ በማይለቀው ረግረግ ውስጥ የሞተ ሥርና ቅጠል አየር ስለማያገኝ አይበሰብስም። እላይ በላይ እየተደራረበ ፒት የሚባለውን ጥቁር፣ ስፖንጅ የመሰለ አፈር ይሠራል። በዓመት የሚጨምረው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ለመሙላት ሺህ ዓመት ይፈልጋል። ፒት ያለበት መሬት ከዓለም የብስ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ፣ የያዘው ካርቦን በዓለም ደን ዛፎች ሁሉ ውስጥ ካለው ይበልጣል።

ቦይ ቆፍራችሁ ስታጠነፍፉት አየር ይገባል። መበስበስ ይጀምራል፣ መሬቱ ይሰምጣል፣ ካርቦኑ ይተናል። አዎ፣ የመጀመሪያው ምርት ያማልላል። ሰውን የሚሸውደውም እሱ ነው። ጨርሶ የደረቀ ፒት ግን ውሃ ብታፈሱበትም ቶሎ አይጠጣም፤ እሳት ከያዘው ደግሞ ከሥር ሲጨስ ይከርማል።

«ታዲያ ገበሬው ይራብ?» ይሉኛል። ማን አለ! ኢሉባቦር ላይ ረግረግ ዳር የሚዘራው በቆሎ ክረምት ሳይበረታ ይደርሳል፤ ጎተራ ባዶ በሆነበት ሰዓት ነፍስ ይዘራል። የሚያውቁት ገበሬዎች ግን ምንጩ ያለበትን ራስጌውን አይነኩም። እህሉ ሲነሳ ቦዩን ይደፍኑታል፣ ውሃው ይመለሳል፣ ለጣሪያ የሚሆነው ጨፌ የሚባል የረግረግ ሣር እንደገና ይበቅላል። ጉዳቱ የሚመጣው ሁሉንም፣ በየዓመቱ፣ ያለ ዕረፍት ሲያርሱት ነው።

«ጥበቃ ማለት ከብት ማባረር ነው» የሚለውም ከዚሁ የሚመዘዝ ነው። አዲስ ዓለም ከተማ አካባቢ ያለው የበርጋ ረግረግ ፒት ሳይሆን ክረምት የሚሞላ የሣር ሜዳ ነው። እዚያ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል የምትባል፣ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ ወፍ ትራባለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በዓለም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድባለች። እስከ 2018 ድረስ እንደምትራባ የተረጋገጠው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ሚድልፑንት ረግረግ ላይም ከጫጩቶቿ ጋር ካሜራ ያዛት። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ መሃል ነው። አንድ ላም ከረገጠችው አለቀ። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከሐምሌ እስከ መስከረም ከብቱን ማራቅ ነው። ሣሩ ከዚያ በኋላ ቢታጨድም ቢጋጥም ወፏን አይጎዳም፤ ከብቱም ረዘም ያለ ሣር ያገኛል።

ቀበሌያችሁ ውስጥ ረግረግ ካለና «መሬቱ ይልማ» የሚል ወሬ ከሰማችሁ፣ ቦይ ቆፋሪው ሳይደርስ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምንጩ የት ነው? በበጋ ከዚያ የሚቀዳው ማን ነው? ቦዩን መልሶ የሚደፍነውስ ማን፣ በየትኛው ወር? ለሦስተኛው መልስ ከሌላቸው አትፈርሙ።