ማጀቢያ ሙዚቃ፦ በፊልሙ የሚሰማውና በአልበም የሚወጣው

የአንድ ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ በአልበም ሲወጣ በፊልሙ ውስጥ ከተሰማው ጋር ብዙ ጊዜ አንድ አይሆንም፤ ርዝመቱ፣ ቅደም ተከተሉ፣ አንዳንዴም ቅጂው ራሱ ይለያል። ደሴ ላይ ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ አስጭኖ የሄደ አድማጭ በፊልሙ የወደደውን ክፍል ሲያጣው በጫነለት ልጅ ያሳብባል፤ ክፍሉ ግን መጀመሪያውኑ አልበሙ ውስጥ ያልገባ ሊሆን ይችላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልዩነቱ የሚጀምረው ከፊልሙ ሥራ ነው። ሙዚቃው ለትዕይንቱ በሰከንድ ተለክቶ ይደረሳል፤ ከተቀዳ በኋላ ግን ትዕይንቱ ሊያጥር፣ ለአንዱ ቦታ የተደረሰው ወደ ሌላው ሊዛወር፣ ንግግርና የመኪና ድምፅ ሊደረብበት ይችላል። በ1979 በወጣው «ኤሊየን» ጄሪ ጎልድስሚዝ ከደረሰው ሙዚቃ ከፊሉ ተነሥቶ፣ እሱው በ1962 ለ«ፍሮይድ» ከሠራው የተወሰዱ ክፍሎች በቦታው ገቡ፤ መዝጊያው ላይም የሌላ ደራሲ፣ የአሜሪካዊው የሃዋርድ ሃንሰን፣ ሁለተኛ ሲምፎኒ ተሰማ። አልበሙ በአንጻሩ ጎልድስሚዝ እንዳሰበው ሆኖ ወጣ። ደራሲው በፊልሙ የተነፈገውን በአልበሙ ማስመለሱ ተገቢ ይመስላል።

ሰፊው ታሪክ የሸክላ ዘመን ነው። የአንድ ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያህል በመሆኑ፣ በዚያ ላይ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ለፊልም የተቀዳ ሙዚቃ በአልበም ሲወጣ ለተጫዋቾቹ ተጨማሪ ክፍያ ያስከፍል ስለነበር፣ አሳታሚዎች ግማሽ ሰዓት ገደማ በሆነ ምርጫ ይወሰኑ ነበር። ከዚህም የተነሣ ሙዚቃውን ለአልበም እንደገና መቅዳት የተለመደ ሆነ፤ ሄንሪ ማንቺኒ የ1961ን «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ለጆሮ እንዲመች አድርጎ ዳግም ቀድቶታል። በ1960 የታየው «ሳይኮ» በጊዜው አልበም ስላልወጣለት፣ በርናርድ ኸርማን በ1975 ለንደን ውስጥ ያስቀዳው በአጨዋወት ፍጥነቱ ከፊልሙ ዘገም ያለ ነው። በ1977 የወጣው የ«ስታር ዋርስ» አልበም በሁለት ሸክላ በመታተሙ ከሌሎቹ ቢረዝምም፣ ጆን ዊሊያምስ ክፍሎቹን ያደራጀው በፊልሙ ቅደም ተከተል ሳይሆን ለአድማጭ እንደሚስማማ አድርጎ ነው። ከሁሉም የሚያስገርመው «ብሌድ ራነር» ነው፤ በ1982 ፊልሙ ሲወጣ የተሸጠው አልበም በሌላ ኦርኬስትራ የተጫወተ ሲሆን፣ የደራሲው የቫንጌሊስ ቅጂ በአልበም የወጣው በ1994 ነው።

ሲዲ ከመጣ ወዲህ የቦታው ጥበት ስለቀለለ የተሟሉ እትሞች በርክተዋል።

የአገራችን ሙዚቃ በዚህ ታሪክ ውስጥ የክብር ቦታ ያገኘው በ2005 በታየው የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ነው። በፊልሙ ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ለዋናው ገጸ ባሕርይ ሲዲ አዘጋጅቶ ይሰጠዋል፤ ሰውየውም በመንገዱ ሁሉ መኪናው ውስጥ ያዳምጠዋል። ስለዚህ በፊልሙ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ከሞተር ድምፅ ጋር፣ በቁራጭ በቁራጭ ይሰማል፤ በአልበሙ ላይ ግን «የከርሞ ሰው»ም ሆነ «የግሌ ትዝታ» ራሱን ችሎ ይደመጣል። ሙላቱ የጅማ ልጅ ቢሆንም የሙዚቃው መሠረት የአገራችን ቅኝት ነው፤ ከእነዚህም ባቲና አምባሰል የወሎ ስለመሆናቸው ስማቸው ምስክር ነው፣ ትዝታም ቢሆን ሌላው ቢከራከርበትም በእኛ በወሎዎች ዘንድ ክርክር የለበትም።

ወሎ ለዚህ ዓይነቱ ልዩነት እንግዳ አይደለም። በሠርግ ቤት የሚዘፈን አምባሰል ግጥም ሰጪው እስካልደከመ ድረስ ይቀጥላል፤ አዝማሪው «ተቀበል» ሲባል እየተቀበለ፣ ማሲንቆውን በስንኞቹ መካከል እያስረዘመ ይጫወታል። ያው ዜማ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ ይታተም በነበረው ትንሽ ሸክላ ላይ ሲገባ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ መጀመሪያ የሚቀነሰውም የማሲንቆው መንገድ ነው።

በአማርኛ ፊልሞች የመጠሪያ ዘፈኑ በፊልሙ ውስጥ በአንድ በሁለት ስንኝ ተቆራርጦ ይገባና ሙሉው እንደ ነጠላ ዜማ ይለቀቃል፤ ከንግግሩ ሥር የሚሄደው የዋሽንትና የማሲንቆ ሙዚቃ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው አይወጣም። ይህን መማር የሚፈልግ ወጣት ተጫዋች ያለው አማራጭ ፊልሙን እየመለሰ፣ ተዋናዮቹ ዝም በሚሉበት ቦታ ዜማውን በጆሮው መልቀም ነው።