«ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶ ለጥፍበት»፦ ስለ ሐረር ቤትና ማሳ የምሰማቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ደወለልኝ። ቤቱ ሐረር፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ጀርባ ነው። «አቦ፣ ግድግዳው አላበው። ያው ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶ ለጥፍበትና እንገላገል» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ሲሚንቶ ከተለጠፈበት 4 ዓመቱ ነው! የመጀመሪያው ሲሚንቶ ያመጣውን ጣጣ በሁለተኛ ሲሚንቶ ላስሸፍን ብሎ ነው የጠራኝ።

የጀጎልን፣ በግንብ የታጠረውን የድሮውን ሐረር፣ አሮጌ ቤቶች ስጠግን 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከኤረር በር ወጣ ብሎ ደግሞ ከአባቴ የደረሰችኝ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ ማሳ አለችኝ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን እሰማለሁ፤ ስለ ቤትም ስለ እርሻም። ዛሬ ልመልስ። ሲሚንቶው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ሌላው ላይ ብቸኩል ይቅር በሉኝ።

«ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ለግድግዳው ይሻላል»

ይጠነክራል። ማን ካደ? ጣጣውም እዚያው ላይ ነው።

የጀጎል አሮጌ ቤት ግድግዳ ሃሺ በሚባለው የአካባቢው ድንጋይ የተገነባ ነው። ድንጋዩን የሚያያይዘው ጭቃ ነው። ላዩም በጭቃ ይመረግና በኖራ ይቀባል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከሥሩ እርጥበት የሚያግድ ነገር የለውም፤ ከመሬት ውኃ ይስባል። ክረምት የሳበውን በጋ ላይ በገላው ያስወጣል። ጭቃና ኖራ ያሳልፋሉ። ውኃው ገብቶ እየወጣ ቤቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ሲሚንቶ ስትለጥፍበት መውጫውን ዘጋህበት። ውኃው ግን መግባቱን አይተውም። መውጫ ሲያጣ ሽቅብ ይሄዳል። ድሮ ቁርጭምጭሚት ጋ የነበረው እርጥበት ጉልበት ይደርሳል፤ ቆይቶም ወገብ። በዚያ ላይ ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ደግሞ ግትር ነው፤ አብሮ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በዚያች እንደ ፀጉር በቀጠነች ስንጥቅ ዝናብ ይገባል። ገብቶም እዚያው ይቀራል።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በጣታችሁ አንጓ ግድግዳውን አንኳኩ። እንደ ባዶ በርሜል «ዱም ዱም» ካለ ልስኑ ከግድግዳው ተላቋል። የዚያ ሰውዬ ቤት ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ «ዱም» ነው የሚለው። መሮ ከትቼ ገፋ ሳደርገው የትሪ ስፋት ያለው ልስን በአንድ ጊዜ እግሬ ሥር ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ እንደ ሐሉዋ ለስልሷል፤ ጣቴን ስጭነው ገባ። ድንጋዩ ላይ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር አለ። «የድሮው ኖራ ነው?» አለኝ። ቅመሰው አልኩት። ጨው ነው። ውኃው ከመሬት ይዞት ወጥቶ እዚያ ትቶት የሄደ ጨው።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ግንበኝነት የጀመርኩ ሰሞን የእናቴን ክፍል ዙሪያውን በሲሚንቶ ለሰንኩላት። መስታወት አስመሰልኩት። «ልጄ ሙያ ያዘ» ብላ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። በሦስተኛው ክረምት ናደባው ላይ፣ ማለትም ቤት ውስጥ ባለው ከፍ ያለ መቀመጫ መደብ ላይ፣ የተነጠፈው ምንጣፍ ከሥሩ ሻገተ። ከዚያ ግድግዳው ውስጥ የገባው የጣሪያው ግንድ ጫፉ በሰበሰ። ምስጡም መንገዱን አገኘ። ጠግኜ ለመጨረስ ከመጀመሪያው ሥራ ሦስት እጥፍ ጊዜ ፈጀብኝ። እናቴ እስከ ዛሬ ሲያሻት «ሲሚንቶ» እያለች ነው የምትጠራኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ውኃውን ፈልጉ። ጣሪያው ያፈሳል? አሸንዳው ተሰብሯል? የጎረቤት መታጠቢያ ቤት ቱቦ ከግድግዳችሁ ጋር ተጣብቋል? ከደጃችሁ ያለው መንገድ በየጊዜው ድንጋይ ሲነጠፍበት ከወለላችሁ በላይ ሆኗል? ጀጎል ውስጥ ይህ የመጨረሻው ብዙ ያጋጥመኛል፤ የመንገዱ ጎርፍ ግድግዳው ሥር ይተኛል። ይህን ሳታስተካክሉ የምትለስኑት ሁሉ ብር ማባከን ነው።

ቀጥሎ ሲሚንቶውን በመሮና በትንሽ መዶሻ ቀስ ብላችሁ አንሱ። በትልቅ መዶሻ የሚደበድብ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት፤ ድንጋዩን አብሮ ያወጣዋል። ከዚያ ግድግዳው ይድረቅ። በአንድ ሳምንት አይደርቅም፤ ወራት ይፈልጋል። ራቁቱን ሲቆም ያስጠላል፤ ቻሉት።

ጭቃው ራሱ ሙያ ነው። አፈሩ ይነፋል፣ ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ከሳምንት በላይ እየተረገጠ ይቀመጣል። ሽታው አፍንጫ ሲይዝ ደረሰ ማለት ነው። ከአፈሩ ጣት የሚያህል ድብልብል ሠርታችሁ አድርቁ። ከተሰነጠቀ ሸክላው በዝቷል፤ አሸዋና ጭድ ጨምሩ። በእጅ ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ አሸዋው በዝቷል። ግድግዳውን ውኃ ረጭታችሁ በሁለት ዙር ምረጉ። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርቡ። በመጨረሻ ቀጭን ኖራ፣ ደጋግሞ። ኖራ ስታዘጋጁ ኖራውን ወደ ውኃው ጨምሩ እንጂ ውኃውን ወደ ኖራው አታፍስሱ። ይፈላል፣ ይረጫል፤ ዓይን ያጠፋል።

ግንበኞች ይህን ለምን አይነግሯችሁም? ሲሚንቶ በሁለት ቀን ያልቃል፣ ሂሳብ ይቀበላሉ፣ ይሄዳሉ። ግድግዳው በሚያብጥበት ጊዜ እነሱ ሌላ ሰፈር ናቸው። አንዳንዶቹም ክፋት የለባቸውም፤ ድሬዳዋ የብሎኬት ቤት ሲለስኑ ያደጉ ልጆች ናቸው። ድሬ በጣልያን ጊዜ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት፤ በሲሚንቶ ቢምሉ አይፈረድባቸውም። ለብሎኬት፣ ለውኃ ማጠራቀሚያ፣ ለሽንት ቤት ጉድጓድ እኔም ሲሚንቶ ነው የምጠቀመው። ለአያቴ ግድግዳ ግን አይሆንም።

«ኖራ ለውበት ነው፤ የፕላስቲክ ቀለም ይሻላል»

የፕላስቲክ ቀለም የሲሚንቶ ታናሽ ወንድም ነው። ከላይ ያለውን ድጋሚ አንብቡ።

«ቆርቆሮ ከለበስን ተገላገልን»

የድሮው ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ በግንድና በእንጨት ላይ አፈር። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አፈሩን እንደገና መጠቅጠቅ ይፈልጋል። ሰው ያ ሰለቸውና ቆርቆሮ አለበሰ። እሺ፣ አልፈርድም። ግን አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ ያን ሁሉ ዝናብ ሰብስቦ ግድግዳው ሥር ያፈሰዋል፤ ያንተን ካልሆነ የጎረቤትህን። ሁለት ቤተሰብ በአንድ አሸንዳ ምክንያት ሰላምታ ሲያቋርጥ አይቻለሁ። አፈሩ ሲነሳ ቤቱ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ኮርኒስ ያስፈልጋል።

«የተቃጠለ ዘይት ምስጥ ይገድላል»

ለሁለት ወር ያሸታል። ምስጡ ከመሬት በጭቃ መተላለፊያ ሠርቶ ነው የሚመጣው። እንጨቱን ከአፈር አርቁ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጡ፣ መተላለፊያውን ባያችሁ ቁጥር አፍርሱ፣ ግድግዳውን አድርቁ። አቅም ካላችሁ ጽድ ግዙ። ባሕር ዛፍ ለምስጥ ቁርስ ነው።

«የራሴ ቤት ነው፤ እንደፈለግኩ አፈርሳለሁ»

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መሮ ከማንሳታችሁ በፊት ቅርስን የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ። የተገላቢጦሹም ስህተት ነው፤ «ቅርስ ነው አይነካም» ብለው ቤቱ ላያቸው ላይ እስኪወድቅ የሚጠብቁ አሉ። ጥገና አልተከለከለም።

አሁን ወደ ማሳው።

«ገበሬው ማሽላውን አጨናንቆ የሚዘራው ስለማያውቅ ነው»

ይህን የሚለኝ ብዙውን ጊዜ ከከተማ የመጣ፣ መሬት በቅርቡ የያዘ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያየ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ ሜትር ይዞ መጥቶ በቡቃያዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ሲለካ ጎረቤቴ ገበሬ ዝም ብሎ አየው። እንግዳ ነውና አልመለሰለትም።

ልመልስለት። የሐረርጌ ገበሬ ማሳው ጠባብ ነው፤ ለከብት ግጦሽ የሚተወው መሬት የለውም። ስለዚህ አብዝቶ ይዘራል። ሲበቅል እየሳሳ፣ በየቀኑ የነቀለውን ተሸክሞ ደጃፍ ለታሰረው በሬ በእጁ ያጎርሳል። መጀመሪያ ቡቃያውን፣ ቆይቶ ቅጠሉን፣ ከአጨዳ በኋላ አገዳውን። ያ ገበያ የሚሻማበት የሐረር ሰንጋ ከዚህ ነው የሚመጣው። እስከ አጨዳ ድረስ የቀረው ማሽላ ርቀቱ ልክ ነው። ባለ ሜትሩ የመጣው በሰኔ ነበር፤ በጥቅምት ቢመጣ ሌላ ማሳ ባየ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ዝናብ ጠፍቶ የቆረቆዘ ለጋ ማሽላ፣ ወይም ከታጨደ በኋላ እንደገና ያቆጠቆጠው፣ ከብት ይመርዛል፤ ይገድላልም። ገበሬው ያውቃል። አዲስ ባለ በሬዎች አታውቁም።

«ፋራምሲሳን ኮምፖስት አደርገዋለሁ»

ፋራምሲሳ ማለት ያ አበባው ነጭ፣ መንገድ ዳር የሞላው ፓርቴኒየም የሚሉት አረም ነው። ስሙ በኦሮምኛ «አስፈራሚ» እንደማለት ነው፤ መሬትህን ፈርመህ አስረክብ። ሳያብብ ከነቀላችሁት ይሁን። ካበበ በኋላ ከሆነ ዘሩን በየማሳችሁ እያዳረሳችሁ ነው። በባዶ እጅም አትንቀሉት፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ያሳብጣል።

«ትኩስ ፍግ ብርታት አለው»

አለው፤ ሥር ያቃጥላል። ቢያንስ 3 ወር ይብላላ።

«ጉድጓድ ካስቆፈርኩ ውኃ አያልቅም»

ሐረማያን ያየ ሰው ይህን እንዴት ይላል? ለሐረር ከተማ ውኃ የሚያጠጣ ሐይቅ ነበር። በ1990ዎቹ ውስጥ ደረቀ። ደለል ሞላበት፣ ዙሪያውን ሞተር ተደርድሮ ለጫትና ለአትክልት ሳበው። ከዓመታት በኋላ ውኃው መመለስ ቢጀምርም፣ ከብት በደረቀው ሐይቅ መሃል ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ግን ከቆርቆሯችሁ የሚወርደውንም ዝናብ በበርሜል ያዙ። ጉድጓዱም ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

«የሐረር ጅብ ሰው ለምዷል፤ ፍየል አይነካም»

ቱሪስት ፊት በእንጨት የሚጎርሰውን አይታችሁ ነው። እኔም አምኜ በረቱን በእሾህ ብቻ አጠርኩ። ጠዋት የፍየሌን ገመድ አገኘሁ፤ ገመዱን ብቻ።

«ቅዳሜና እሁድ ብቅ እያልኩ አለማዋለሁ»

ዝንጀሮ የሚመጣው ማክሰኞ ነው። ጃርት ደግሞ በሌሊት። ከማሳው የማይጠፋ ሰው ከሌላችሁ ለጎረቤት ገበሬ ስጡና ምርቱን እኩል ተካፍላችሁ ተገላገሉ።

ለዚያ የፈረስ መጋላ ሰውዬ ምን እንዳልኩት ልንገራችሁና ላብቃ። «ሲሚንቶውን አነሳለሁ፣ ግድግዳው በበጋው ይደርቃል፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ምርጉን እንጨርሳለን» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። «እስከዚያ እንግዳ ቢመጣስ?» አለ። መጋረጃ ስቀልበት አልኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ደወለ፤ ስንት ጆንያ ጭድ እንደሚያስፈልግ ሊጠይቅ። ለሌሎቻችሁም ልንገራችሁ፤ ጭድ ከአጨዳ በኋላ ወዲያው ግዙ። ዘግይታችሁ ስትፈልጉት ዋጋው ሌላ ነው።