«አንድ ሺህ ሲሲ ብቻ ናት»፦ ተርቦ ምንድን ነው?

«አንድ ሺህ ሲሲ ብቻ ናት፤ ነዳጅ አትበላም፤ ጉልበቱን ተርቦው በነጻ ይሰጥሃል።» ይህን ምክር በቅርቡ ያነበብሁት አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ ላቀረበው ጥያቄ በተሰጠ መልስ ላይ ነው። ጠያቂው ከቤት ወደ ሥራ የሚመላለስባት ያገለገለች መኪና ፈልጎ፣ ባለ 1.0 ሊትር ተርቦ ይግዛ ወይስ ባለ 1.8 ሊትር ያለ ተርቦ ማወቅ ይፈልጋል። መላሹ ስለ መኪና ብዙ እንደሚያውቁ ከሌሎች አስተያየቶቻቸው ይታያል። ነገር ግን ምክራቸው በሙሉ የቆመው «ሲሲው ትንሽ ከሆነ ፍጆታውም ትንሽ ነው» በሚል አንድ ስሕተት ላይ ነው፤ ያንኑ ስሕተት ወደ ጋራዥ ከሚመጡ ደንበኞች በየሳምንቱ ስለምሰማ አንድ ጊዜ በሰፊው ላስረዳ።

ሲሲ (ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፤ አንድ ሺህ ሲሲ አንድ ሊትር ነው) የሚለካው ፒስተኖቹ ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ የሚከፍቱትን ቦታ ነው። የዕቃው ልክ ነው እንጂ በዕቃው ውስጥ የሚገባው ነገር ልክ አይደለም። አንድ ግራም ቤንዚን በአግባቡ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሞተርን ጉልበትም ሆነ ፍጆታ የሚወስነው የሚገባው የአየር መጠን ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ፒስተኖቹ ስበው ባስገቡት አየር ይሠራል። ተርቦ ባለው ሞተር ላይ ግን የሚወጣው ትኩስ ጋዝ አንዲት ተርባይን ያሽከረክራል፤ ከእርሷ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘችው ሌላዋ መንኮራኩር ደግሞ ከውጭ አየር እያመቀች ወደ ሲሊንደሮቹ ትገፋለች። ጋዙ በማርሚታ በኩል ባክኖ የሚቀር ስለነበረ «በነጻ» የሚለው ቃል መነሻ አለው። ሆኖም በርካሽ የተገኘው አየሩን የማመቅ ሥራ እንጂ ጉልበቱ አይደለም። ለተጨመረው አየር በዚያው ልክ ቤንዚን ይጨመራል፤ መኪናዋን የሚገፋትም ያ ቤንዚን ነው።

የብረት ቀጥቃጭን ወናፍ ያየ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል። በትንሽ ምድጃ ላይ ያለ ጥቂት ከሰል ወናፍ ሲነፋበት ማረሻ የሚያቀላ እሳት ይሆናል፤ ነገር ግን ከሰሉ ምን ያህል ፈጥኖ አመድ እንደሚሆን የተመለከተ ሰው «ምድጃው ትንሽ ስለሆነ ከሰል አይፈጅም» አይልም። ትንሹ ምድጃ የሚቆጥበው ወናፉ ሲያርፍ ነው። የተርቦ ልዩነቱ ወናፉን የሚነፋው የእሳቱ የራሱ ጢስ መሆኑ ነው፤ እሳቱ በደከመበት ሰዓት ወናፉም ይደክማል፤ ነዳጅ መስጫውን ረግጠን መኪናዋ ለአፍታ ዘግይታ የምትነሣው ለዚህ ነው። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ይሳሳል፤ በዚህ ምክንያት ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ኢንተርኩለር በተባለው ማቀዝቀዣ ያልፋል። ምሳሌው የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው፦ ቀጥቃጩ ምድጃው እጅግ እንዲግልለት ይፈልጋል፤ የቤንዚን ሞተር ግን ከልኩ በላይ ሲግል ቤንዚኑ ካንዴላው ያልለኮሰው ክፍል በራሱ ይፈነዳና ሞተሩ ያንኳኳል። ይህን ለመከላከልና ተርባይኗን ከሙቀት ለማዳን፣ ብዙዎቹ ሞተሮች ረጅም ዳገት ላይ ተጭነው ሲነዱ ኮምፒውተሩ ከሚቃጠለው በላይ ቤንዚን እየረጨ እንዲያቀዘቅዝ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ቆጣቢ የተባለችው መኪና በዚያ ቅጽበት ከትልቋ የበለጠ ልትጠጣ ትችላለች።

በቁጥር ላሳይ። ባለ 125 የፈረስ ጉልበቱ የፎርድ 1.0 ኢኮቡስት ሦስት ሲሊንደርና 999 ሲሲ ብቻ ቢኖረውም በደቂቃ ከ1,400 ዙር ጀምሮ 170 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል። የቶዮታ ኮሮላ 1.8 ሊትር ሞተር ተመሳሳይ የመጠምዘዝ ኃይል ለመስጠት 4,000 ዙር አካባቢ መድረስ አለበት። በመብራትና በመጨናነቅ መካከል ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያው የሚመቸው ለዚህ ነው፤ መኪናዋን በጭንቅ ማስጮህ አያስፈልገውም። ነገር ግን በ1,400 ዙር 170 ኒውተን ሜትር እየሰጠ ያለ ሞተር ትንሽ ሞተር አይደለም፤ ወናፉ እየነፋ ነው። የአውሮፓ የቀድሞው የፍጆታ ፈተና አነዳዱ እጅግ የለዘበ ስለነበረ ወናፉ እምብዛም ሳይነፋ ያልቅ ነበር፤ ትንንሾቹ ሞተሮች በወረቀት ላይ ያስመዘገቡትን በመንገድ ላይ ያላገኙት ብዙ ገዢዎችም ቅር ተሰኝተዋል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያ ፈተና ጠንከር ባለ ሌላ ፈተና ተተካ። ማዝዳ ግን ቀድሞውኑ በሌላ መንገድ ሄዶ፣ ተርቦ ሳይጨምር የቤንዚን ሞተሮቹን የእመቃ መጠን (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው) እስከ 14 ለ 1 በማድረስ ቁጠባ ፈልጓል፤ ተርቦ ያላቸው ሞተሮች እንዳያንኳኩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 10 ለ 1 ይወርዳሉ።

የሲሲ ቁጥር በእኛ ዘንድ ይህን ያህል የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ራሱ አውቶሞቢሎችን በ1,300 እና በ1,800 ሲሲ ከፋፍሏቸዋል። ቀረጥ ሲሲን ቢቆጥርም ሞተር የሚቆጥረው አየርን ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ባለ 1,800 ሲሲው ሞተር እዚህ የሚስበው አየር በባሕር ጠለል ላይ ባለ 1,350 ሲሲ ሞተር የሚስበውን ያህል ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው፣ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ አውጥቶ የፈተነው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነበር፤ በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ተርቦ ሲታከልበት 356 ሰጠ። የእንጦጦን ዳገት አራት ሰው ጭና የምትወጣ መኪና ተርቦ ሲኖራት የሚታየው ልዩነት ከዚሁ የመጣ ነው። ከፍታው የሚቀንሰው የመጨረሻውን ጉልበት እንጂ ቁጠባን አይደለም፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በለዘብታ ሲነዳ እዚህም በቁጠባ ይሠራል። ተርቦው በበኩሉ የሳሳውን አየር ለማካካስ ይበልጥ መፍጠን አለበት።

ይህ ፍጥነት ሳልጠየቅ ወደምጨምረው ማሳሰቢያ ይወስደኛል። የትንሽ ተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ200,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ የተሸከመውም ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ «ዳገት አልወጣም አለች» ብሎ አንዲት መኪና አመጣልኝ። የአየር ቱቦውን ፈትቼ መንኮራኩሯን በሁለት ጣት ያዝኋት፤ ወደ ጎን በጣም ጥቂት መነቃነቅ የተለመደ ነው፣ ይህችኛዋ ግን ወደ ውስጥና ወደ ውጭም ትመላለስ ነበር። የቢላ ስለት መምሰል የነበረባቸው የክንፎቿ ጫፎች በአሸዋ እንደታሸ ሳንቲም ደንዝዘው ነበር። የአየር ማጣሪያውን ሳወጣው በአየር ግፊት ብዙ ጊዜ ከመነፋቱ የተነሣ ወረቀቱ ተሰንጥቆ አገኘሁት፤ ክንፎቹን የበላው በስንጥቁ የገባው አቧራ ነው። ተርቦ በሌለው ሞተር ላይ ይህ አቧራ ጉዳቱን የሚገልጠው ቀስ ብሎ ነበር። ዘይቱም እንዲሁ ነው፦ ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ ትንንሽ ተርቦዎች በዝቅተኛ ዙር በከባድ ማርሽ ዳገት ሲገፉ ያለ ጊዜው ለሚነሣ ፍንዳታ የተጋለጡ ናቸው፤ ይህን እንዲቀንስ ተብሎ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስፒ የተባለው የዘይት ደረጃ አለ። «ዘይት ዘይት ነው» የሚል ሻጭ ለእነዚህ ሞተሮች አይሆንም።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ የሚገዛው ብዙ ዓመት የሚጠገን መኪና ነው። ጉዞው አምስትና ስድስት ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚጠፋ ከሆነና የቀድሞው ባለቤት ዘይት መቼ እንደቀየረ የሚያሳይ ምንም ካልተገኘ፣ ባለ 1.8 ሊትሯን እመርጥለታለሁ፤ ጥቂት ነዳጅ ብትጨምርም። በየሳምንቱ የጣርማበርን ዳገት የሚወጣ ከሆነና የጥገና ታሪኳ በወረቀት ከተያዘ ግን ተርቦዋን ይውሰድ። ስትታይም ሌሊቱን የቆመች መሆን አለባት፦ ጠዋት ስትነሣ ሰማያዊ ጢስ ካልወጣ፣ የአየር ቱቦው ተፈትቶ መንኮራኩሯ በጣት ትፈተሽ።