የኤሲ ጋዝ ሕግ ተቀይሯል፤ ቤትዎ ያለው ማሽን ግን አልታገደም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ያጸደቀው ኤይም አክት የተባለ ሕግ ኤች ኤፍ ሲ በሚባሉት የማቀዝቀዣ ጋዞች ምርትና ገቢ ንግድ ላይ ኮታ ጥሎ፣ መጠናቸው እስከ 2036 ድረስ ደረጃ በደረጃ በ85 በመቶ እንዲቀንስ አዟል። ይህን መሠረት አድርጎ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2023 ያወጣው ደንብ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት በሚመረቱ አዳዲስ ኤሲዎችና ሂት ፓምፖች (ቤትን ማቀዝቀዝም ማሞቅም የሚችሉ ማሽኖች) ውስጥ የሚሞላው ጋዝ ከባቢ አየርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 700 እጥፍ እንዳይበልጥ ወሰነ። ከ2010 ወዲህ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ቤቶች በተገጠሙ ኤሲዎች ውስጥ ያለው አር-410ኤ የተባለው ጋዝ ይህ አቅሙ 2,088 እጥፍ በመሆኑ ከአዳዲስ ማሽኖች ወጥቷል። ለውጡ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በቨርጂንያ፣ በሜሪላንድ፣ በጆርጂያ ወይም በቴክሳስ ቤት ገዝቶ የሚኖር ወገናችን ሕጉን የሚሰማው ብዙውን ጊዜ በበጋ ሙቀት ማሽኑ ቆሞበት፣ አዲስ ሊሸጥለት ከመጣ ሰው አፍ ስለሆነ፣ እውነቱን ከስህተቱ ለይቶ ማወቅ ብዙ ሺህ ዶላር ሊያድንለት ይችላል።

«አር-410ኤ ታግዷልና የቤቴን ኤሲ መቀየር አለብኝ»

አይደለም። ደንቡ የሚመለከተው አዲስ ማሽን የሚያመርተውን፣ የሚያስመጣውንና የሚገጥመውን ነው። አስቀድሞ የተገጠመ ማሽን ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ መሥራት፣ መጠገንና በዚያው በአር-410ኤ መሞላት ይችላል። ለነባር ማሽኖች መጠገኛ የሚሆኑ ኮምፕሬሰሮች (ጋዙን የሚጨምቁ ክፍሎች)፣ ኮይሎች (ሙቀት የሚያስተላልፉ ጥቅልል ቱቦዎች)፣ ሌላው ቀርቶ ከቤት ውጭ የሚቆመው ክፍል ራሱ ለጥገና ብቻ የሚል ምልክት ተለጥፎባቸው መመረታቸው አልተከለከለም። ጋዙም ቢሆን ምርቱ በኮታ ተገደበ እንጂ አልተቋረጠም፤ ከአሮጌ ማሽኖች ተቀድቶ የተጣራ ጋዝም ለገበያ ይቀርባል። ከእርሱ በፊት የነበረው አር-22 የሄደበትን መንገድ ማስታወስ ይበቃል። በ2010 ከአዳዲስ ማሽኖች ወጣ፣ በ2020 አዲስ ማምረትና ማስመጣቱ ቆመ፤ ሆኖም በአር-22 የሚሠራ አሮጌ ኤሲ ያለው ሰው ዛሬም ቢጠቀምበት ሕግ አልጣሰም። ስለዚህ «ሕጉ ያስገድድዎታል» የሚል ባለሙያ ከመጣ፣ የሚያስገድደውን አንቀጽ በጽሑፍ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ አባባል ውስጥ አንድ እውነት አለ፤ ጋዙ እየተወደደ መሄዱ አይቀርም። ኮታው በ2024 ከመነሻው መጠን ወደ 60 በመቶ ወርዷል፣ በ2029 ደግሞ ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። ይህ ግን የሚጎዳው ጋዝ የሚገዛውን ሰው ነው፤ ማሽኑ የማያፈስበት ሰው ደግሞ ጋዝ አይገዛም።

«ኤሲ በየዓመቱ ጋዝ ሊሞላለት ይገባል»

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይህ ነው፤ አዲሱ ሕግ ደግሞ ጉዳቱን ያብሰዋል። ጋዙ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዝግ በሆነ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ከቤት ሙቀት ተሸክሞ ወጥቶ፣ ውጭ አራግፎ የሚመለስ ያው አንድ ጋዝ ነው። በትክክል የተገጠመ ማሽን በዕድሜው ሙሉ አንድም ጊዜ ሳይሞላ ሊኖር ይችላል። ጋዝ ጎደለ ከተባለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ሳይደፈን የተጨመረው ጋዝም የፊተኛውን ተከትሎ ይወጣል። ስለዚህ ለጥገና የመጣው ሰው ጋዝ ከመጨመሩ በፊት ፍሳሹን እንዲፈልግ፣ ከየት እንደሚያፈስ እንዲያሳይ፣ ስንት ፓውንድ እንደጨመረም በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ መጠየቅ ይገባል። በዓመቱ ተመልሶ መጥቶ ተመሳሳይ መጠን ከጨመረ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል።

አንድ የቤት ባለቤት ፍሳሹን እንዲያስጠግን የፌዴራል ደንቡ አያስገድደውም፤ ያ ግዴታ የተጣለው ብዙ ጋዝ በሚይዙ ትልልቅ የንግድና የኢንዱስትሪ ማሽኖች ላይ ነው። ነገር ግን አንድ ፓውንድ አር-410ኤ አየር ላይ ሲበተን ከ2,000 ፓውንድ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመልቀቅ ያህል ከባቢ አየርን ያሞቃል። ፍሳሽን ማስደፈን ለኪስም ለአየሩም የሚበጅ ሥራ ስለሆነ፣ ሕግ እስኪያስገድድ መጠበቅ ያለበት አይመስለኝም። ማሽኑ ከ15 ዓመት በላይ ያገለገለና የውስጥ ኮይሉ የተበላ ከሆነ መቀየሩ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን የወጪ ሂሳብ እንጂ የሕግ ግዴታ አይደለም።

«አዲሱን ጋዝ በአሮጌው ማሽን ውስጥ መሙላት ይቻላል»

ፈጽሞ አይቻልም፤ አደገኛም ነው። አር-410ኤን የተኩት ጋዞች በዋናነት አር-454ቢ እና አር-32 ናቸው። ሁለቱም በመጠኑ ሊቀጣጠሉ ይችላሉ፤ የአሮጌው ማሽን የኤሌክትሪክ ክፍሎች ግን ይህ ታስቦባቸው አልተሠሩም። ኤጀንሲው እነዚህን ጋዞች ለቤት ኤሲ የፈቀደውም ለእነርሱ ተብለው በተሠሩ አዳዲስ ማሽኖች ውስጥ ብቻ ነው። ርካሽ ምትክ ጋዝ እሞላልሃለሁ የሚል ሰው ቢመጣ፣ በማሽኑ የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የጋዝ ስም ከሲሊንደሩ ስም ጋር አንድ መሆኑን ሳያዩ አያስነኩት።

«ራሴ ገዝቼ እሞላዋለሁ»

ከ2018 ጀምሮ አር-410ኤን ጨምሮ እነዚህ ጋዞች ለቤት ኤሲ የሚሸጡት የፌዴራል የምስክር ወረቀት ላለው ቴክኒሻን ነው። ጋዝን ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅም የተከለከለ ነው።

«አዲሱ ጋዝ ቤት ያቃጥላል»

ልጆች ያሉበትን ቤት የሚያስተዳድር ሰው ይህን ቢፈራ አይፈረድበትም። ጋዞቹ የተመደቡበት ኤ2ኤል የሚባለው ደረጃ መርዛማነታቸው ዝቅተኛ፣ የመቀጣጠል ፍጥነታቸውም አዝጋሚ መሆኑን የሚያመለክት ሲሆን፣ ፕሮፔን ግን በቀላሉ ከሚቀጣጠሉት መካከል ነው። ጃፓን ውስጥ አር-32 ያላቸው የቤት ኤሲዎች ከ2012 ጀምሮ ሲሸጡ ቆይተዋል፤ አር-410ኤ ራሱም ግማሹ አር-32 ነው። በአሜሪካ ለቤት የሚሠሩ ብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች ጋዝ ማፍሰሱን የሚለይ ሴንሰር ተገጥሞላቸዋል። ሴንሰሩ ፍሳሽ ሲያገኝ ኮምፕሬሰሩን ያቆምና ጋዙ በአንድ ቦታ እንዳይጠራቀም የቤቱን ንፋስ ማስተላለፊያ ያስነሳል። ሊያሳስብ የሚገባው የገጣሚው ጥራት ነው፤ ስለ አዲሱ ጋዝ ሥልጠና ወስዶ እንደሆነ መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው።

«ይህ ሁሉ ስለ ኦዞን ነው»

አር-22ን ያስወጣው የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት በእርግጥ ኦዞንን ለመጠበቅ የተፈረመ ነው። አር-410ኤ ግን ክሎሪን ስለሌለው ኦዞንን አይጎዳም፤ ጥፋቱ አየር ንብረትን ማሞቁ ነው። በ2016 በኪጋሊ የተደረሰበት የዚሁ ስምምነት ማሻሻያም ይህን ለመግታት የወጣ ሲሆን፣ ኢትዮጵያን የመሳሰሉ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች በረዘመ የጊዜ ሰሌዳ ይፈጽሙታል።

«ከመጋዘን የተረፈ የአር-410ኤ ማሽን በርካሽ መግዛት ያዋጣል»

የ2023ቱ ደንብ ከ2025 በፊት የተመረቱ ማሽኖች እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ድረስ ብቻ እንዲገጠሙ ይል ነበር፤ ኤጀንሲው በ2025 መጸው ይህ የመግጠሚያ ገደብ እንዲነሳ ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት በዕለቱ የሚሠራበትን ደንብም ሆነ የከተማውን የግንባታ ፈቃድ ማጣራት ያስፈልጋል። ቢፈቀድም፣ ጋዙ እየተወደደ በሚሄድባቸው ዓመታት ሁሉ የሚያገለግል ማሽን ስለሆነ የዋጋው ቅናሽ ጥቂት ከሆነ አልመክርም። ወደ አዲሱ ጋዝ የሚሸጋገር ሰው ደግሞ የውጩን ክፍል ብቻ ቀይሮ አሮጌውን የውስጥ ኮይል ማስቀረት አይችልም፤ ሁለቱ ለአንድ ጋዝ የተሠሩና የሚጣጣሙ መሆን አለባቸው። የዋጋ ማቅረቢያው የጋዙን ስምና የሁለቱንም ክፍሎች ሞዴል ቁጥር ካልጻፈ፣ ተሟልቶ እስኪመጣ ድረስ ቅድሚያ ክፍያ አይክፈሉ።