የታሰረ ውሻና ውሃ በቆላ ከተሞች

በድሬዳዋ፣ በአዋሽ ሰባት፣ በሰመራ ወይም በመተማ ብዙ ጠባቂ ውሾች ቀኑን በሰንሰለት ታስረው ይውላሉ። የታሰረ ውሻ ውሃም ጥላም ፈልጎ አይሄድም። ያለው ባለቤቱ ያስቀመጠለት ብቻ ነው፤ እሱም ሰንሰለቱ ካደረሰው።

ውሻ በላብ ሰውነቱን አያቀዘቅዝም ማለት ይቻላል፤ የሚያልበው በመዳፉ ሥር፣ ያውም ጥቂት ነው። ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ከምላሱና ከመተንፈሻው የሚተነው እርጥበት ያበርደዋል፣ ባለከለከ ቁጥርም ውሃው ይቀንሳል። አፉን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ በሙቀት ሰዓት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በተለመደ አየር ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃዋል። በቆላ ሙቀት ግን ፍላጎቱ እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚሆን፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 3 ሊትር ማዘጋጀት ይሻላል። የምታጠባ ከሆነች ይጨመራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለውሻው ብቻ ቢቀመጥ፣ የዕቃ ማጠቢያውን ጨምሮ አምስት ቀን ያህል ያደርሳል። ደረቅ እንጀራ የሚበላ ውሻ፣ እንጀራው በውሃ ከራሰለት ውሻ የበለጠ ይጠማል። የወጥ ትርፍራፊ ጨው አለበት፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚጎዳ ባይሰጠው ነው የሚመረጠው።

አብዛኛው ጥፋት ያለው በዕቃው ላይ ነው። የብረት ጣሳ ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ቀላል ፕላስቲክን ሰንሰለቱ ይገለብጠዋል። ሰፊና ከበድ ያለ የሸክላ ጣባ የተሻለ ነው፤ ውጭው ካልተቀባ በገላው የሚወጣው እርጥበት ሲተን ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። እስከ ግማሹ መሬት ውስጥ መቅበር ወይም አሮጌ ጎማ መሃል ማስቀመጥ ከመገልበጥ ያድነዋል። ሰንሰለቱ እንጨት ላይ ተጠምጥሞ ሲያጥርም ውሻው ጣባው ጋ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ሁለት ዕቃ በሁለት ጥግ ይቀመጥ። ጥላውም ከቆርቆሮ የተሠራ ጠባብ የውሻ ቤት ባይሆን ጥሩ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ እንደ ምድጃ ይግላል። ውሃውን በየቀኑ መድፋት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2019 በድሬዳዋ የተነሳውን ቺኩንጉንያ የተባለ የሰው በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን ከዕቃው ግድግዳ ላይ ስለምታጣብቅ፣ ጣባው በብሩሽ መፈተግ አለበት።

ውሃ ያነሰው ውሻ ድዱ ይደርቃል፣ ይጣበቃልም፤ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ዓይኑ ይጎደጉዳል። የትከሻው ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም፤ ያረጀና የከሳ ውሻ ላይ ግን ይህ ምልክት ያሳስታል። ብዙ ውሃ በአንዴ ቢጠጣ ሊያስታውከው ስለሚችል ጥቂት ጥቂት እየሰጡ ማረፍ ያስፈልጋል። የሚንገዳገድ፣ የሚያስታውክ ወይም የሰውነቱ ሙቀት ከ41 ዲግሪ ያለፈ ውሻ (ጤነኛው ከ38 እስከ 39.2 ነው) የሚያድነው መጠጥ ብቻ አይደለም። ሆዱንና ታፋውን በቀዝቃዛ ውሃ እያረሱ ማራገብ፣ ከዚያም ወደ እንስሳት ክሊኒክ ማድረስ ነው። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ሙቀቱን ያፍናል፤ አፉ ውስጥ በግድ የሚፈስ ውሃም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ውሃ ቀርቦለት መዋጥ ያቃተው ወይም ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ግን በእብድ ውሻ በሽታ ሊጠረጠር ይገባል። ውሻው ውሃ የፈራ ቢመስልም፣ የሚያግደው የጉሮሮው ሽባ መሆን ነው። አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብሎ አፉ ውስጥ እጅ ማስገባት አይገባም። ለሃጩ ቁስል የነካው ወይም የተነከሰ ሰው ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት።