ግብር ለማሳወቅ መሰናዳት፦ ከፎርሙ በፊት ያለው ሥራ

የግል ገቢ ግብር ማሳወቅ ማለት አንድ ሰው በዓመቱ ያገኘውን ገቢ፣ ሕጉ የሚፈቅድለትን ተቀናሽ እና አስቀድሞ የተቆረጠበትን ግብር ጽፎ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚያቀርብበት አሠራር ነው። ሂሳቡ ሲወራረድ ወይ የሚከፍለው ይቀራል፣ ወይ ይመለስለታል። በቃ ይኸው ነው። ሰው የሚፈራው ግን ፎርሙን ነው። ፎርሙን መሙላት ለአብዛኛው ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ሲሆን ሳምንቱን የሚበላው «ያቺ ወረቀት የት ገባች?» እያሉ መሳቢያ መበርበር፣ የጠፋ የይለፍ ቃል ማስታወስ፣ ከለቀቁት መሥሪያ ቤት ደውሎ ሰው መለማመጥ ነው። ስለዚህ እዚህ በብዛት የማወራው ስለ ዝግጅቱ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ፣ ማሳወቅ ይጠበቅባችኋል ወይ? ከሁሉም ሰው አይጠበቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከአንድ ቀጣሪ ደመወዝ ብቻ የሚያገኝ ሠራተኛ ቀጣሪው በየወሩ ቆርጦ ስለሚያስገባለት ዓመታዊ ማሳወቂያ አይጠየቅም። ብሪታንያም በ1944 ግብርን ከደመወዝ ላይ የመቁረጥ ሥርዓት ዘርግታ አብዛኛውን ተቀጣሪ ከፎርም ገላግላዋለች። አሜሪካ በ1943 ተመሳሳይ ነገር ጀመረች፣ ነገር ግን ግብሩ ቢቆረጥም ገቢው ከተወሰነ መጠን ያለፈ ሰው በየዓመቱ ማሳወቁ አልቀረለትም። የግል ሥራ ያለው፣ ቤት የሚያከራይ፣ ሁለት ቦታ የሚሠራ ወይም ከሌላ አገር ገቢ የሚያገኝ ሰው ደግሞ የትም ቢኖር «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ከመተኛቱ በፊት ደንቡን ቢያይ ይሻለዋል።

ቀጥሎ «የትኛው ዓመት?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፣ ግን የግብር ዓመት ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ጀርመንና ጃፓን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይቆጥራሉ። አውስትራሊያ ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። የብሪታንያው ከሁሉም የሚገርም ነው፦ ኤፕሪል 6 ይጀምርና ኤፕሪል 5 ያልቃል። አገሪቱ በ1752 የቀን አቆጣጠሯን ስትቀይር 11 ቀን ዘላ ነበርና የዚያ ጠባሳ እስከ ዛሬ የግብር ፎርም ላይ ተቀምጧል። የማስገቢያው ቀንም እንዲሁ ነው፤ አሜሪካ ኤፕሪል 15፣ ካናዳ ለአብዛኛው ሰው ኤፕሪል 30፣ ብሪታንያ በኢንተርኔት ለሚያስገባ ጃንዋሪ 31፣ አውስትራሊያ ራሱ ለሚያስገባ ኦክቶበር 31፣ ጃፓን ከፌብሩዋሪ 16 እስከ ማርች 15። እነዚህ ቀኖች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። አሜሪካ በ1913 የመጀመሪያውን 1040 የሚባለውን ፎርም ስታወጣ ቀኑ ማርች 1 ነበር፣ ኋላ ማርች 15 ሆነ፣ ከ1955 ወዲህ ነው ኤፕሪል 15 የሆነው። በ1913 ፎርሙ ከነመመሪያው 4 ገጽ ብቻ ነበር። ዘንድሮ መመሪያውን አትመው ለማንበብ ካሰባችሁ ወረቀት በደንብ ግዙ።

ዓመቱ ከታወቀ በኋላ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በድንበሩ ላይ ነው። ሥራው ዓመቱ ሳያልቅ ተሠርቶ ክፍያው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ቢመጣ የየትኛው ዓመት ገቢ ነው? ለግለሰብ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ገንዘቡ እጁ የገባበት ቀን ነው። በሌላ የሂሳብ አያያዝ የሚሠራ ሰው ግን የክፍያ መጠየቂያውን የላከበትን ቀን ሊቆጥር ይችላል። አንዱን መርጦ ከዓመት ዓመት እሱኑ መያዝ ነው፤ ዘንድሮ እንዲህ፣ ከርሞ እንዲያ አይሆንም።

ለገቢው ጎን ከሁሉ የሚበልጠው መነሻ ያለፈው ዓመት ማሳወቂያችሁ ነው። አውጡትና በየመስመሩ ሂዱበት። አምና ወለድ የከፈላችሁ ባንክ ዘንድሮስ ከፍሏል? አምና የነበረው ተከራይ አለ? እሱን ከጨረሳችሁ የባንክ ስቴትመንታችሁን አስራ ሁለቱንም ወር አንድ ባንድ እዩ፣ የገባውን እያንዳንዱን ገንዘብ «ይሄ ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብድር መመለስ ሊሆን ይችላል፣ ስጦታ ሊሆን ይችላል፣ ገቢም ሊሆን ይችላል። ያኔ ነው የተረሳው ሁሉ ብቅ የሚለው፦ ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ለሁለት ወር ብቻ የሠራችሁበት ቦታ፣ ለአንድ ጓደኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የሠራችሁት ዲዛይን፣ የተሸጠ አክሲዮን፣ ማንም የማይነካው የቁጠባ ሂሳብ ላይ ያደረች ትንሽዬ ወለድ።

«ትንሽ ናት፣ ማን ያያታል» የሚባለው ነገር ዛሬ አይሠራም። ቀጣሪያችሁና ባንካችሁ ለእናንተ የሚሰጡትን መረጃ ለግብር መሥሪያ ቤቱም ይልኩታል። አሜሪካ ውስጥ ቀጣሪ ደብልዩ-2 የሚባለውን የዓመት ደመወዝ ማስረጃ እስከ ጃንዋሪ 31 ለሠራተኛውም ለመንግሥትም ማድረስ አለበት። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ሠራተኛው ፒ60 የተባለውን ወረቀት እስከ ሜይ 31 ይቀበላል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ቁጥር ያስተያያል፣ ካልገጠሙ ደብዳቤ ይመጣል። ስለዚህ ሁሉም ወረቀት ሳይደርስ ቸኩሎ ማስገባትም እንደ መዘግየቱ ያስቸግራል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ፎርሙ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ያልተጣራው ደመወዝ ነው። ባንክ የገባላችሁን የተጣራ ብር ብቻ ከጻፋችሁ ሂሳቡ ከመነሻው ተበላሸ።

የወጪው ጎን ላይ ነው ዋናው ጣጣ። በተለይ የግል ሥራ ላለው ሰው። ደረሰኝ ካልያዛችሁ ወጪው እንዳልወጣ ነው የሚቆጠረው። የባንክ ስቴትመንት የት ሱቅ ስንት እንደከፈላችሁ ይናገራል እንጂ ምን እንደገዛችሁ አይናገርም። ከአንድ ሱቅ የፕሪንተር ቀለምም የልጅ መጫወቻም ይገዛል። ደረሰኙን ያዙ፣ ጀርባው ላይ ለምን ሥራ እንደሆነ በሦስት ቃል ጻፉበት። ከዚያ ፎቶ አንሱት፣ በዚያው ቀን። ብዙዎቹ የሱቅ ደረሰኞች በሙቀት በሚሠራ ወረቀት ላይ ስለሚታተሙ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኛቸው ይደበዝዛሉ። እኔ አንድ ዓመት ደረሰኞቼን በሙሉ በፖስታ ሰብስቤ መስኮት ዳር አስቀምጬ፣ ጊዜው ደርሶ ስከፍተው ግማሹ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆኖ ጠበቀኝ። ማንን እወቅሳለሁ?

ለሥራም ለግልም የሚውል ነገር ሲሆን ድርሻው መከፈል አለበት። ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ መኪና። መኪና ላይ በተለይ የተሄደበትን ቀን፣ ቦታና ርቀት እዚያው መመዝገብ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ተቀምጦ ከትዝታ የሚጻፍ መዝገብ ቁጥሮቹ ሁሉ በዜሮ የሚያልቁ ይሆኑና ራሱን ያጋልጣል። ሥራ ያለው ሰው ለሥራው ብቻ የሚጠቀምበት የተለየ የባንክ ሂሳብ ቢከፍት ደግሞ ግማሹን ድካም ይገላገላል።

ፍለጋው የት ላይ ቢጠነክር እንደሚያዋጣ ለማወቅ አንድ ልዩነት መያዝ ይበቃል። ከገቢ ላይ የሚቀነስ አለ፣ ከግብሩ ላይ በቀጥታ የሚቀነስ አለ። ግብራችሁ 20 በመቶ ቢሆን፣ ከገቢ ላይ የተቀነሰ 1,000 የሚያተርፍላችሁ 200 ነው። ከግብሩ ላይ የተቀነሰ 1,000 ግን ሙሉውን 1,000 ነው የሚያድናችሁ። ለትምህርት፣ ለልጅ እንክብካቤ፣ ለበጎ አድራጎት የከፈላችሁትን ወረቀት መጀመሪያ የመፈለጉ ምክንያት ይኸው ነው፤ በየአገሩ እንዲህ ያለ ቅናሽ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ላይ ነው።

ወረቀቱን ለማደራጀት ደግሞ ሳይንስ አታድርጉት። አንድ ፎልደር ለገቢ፣ አንድ ለወጪ፣ አንድ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር ለተጻጻፋችሁትና ለከፈላችሁበት ማስረጃ። ሃያ ባለቀለም ማኅደር ገዝቶ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ወር ሲተወው ነው ያየሁት። ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ከሆነ የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወር፣ በቀን ጀምሩት፤ በራሱ ተራ ይይዛል። በሁለት የቀን አቆጣጠር የምትኖሩ ከሆነ አንዱን ምረጡ፤ «ግብር 2016» የሚል ፎልደር ከጥቂት ዓመት በኋላ የየትኛው 2016 እንደሆነ ማንም አያውቀውም።

ከቁጥሮቹ ውጭ የሚያሰናክል ሌላ ነገር አለ፤ ስም። የእኛ ሰው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ ባንክ ላይ ሌላ፣ ቀጣሪው ጋ ሦስተኛ ሆኖ ይገኛል። የአባትና የአያት ስም ቦታ መለዋወጡም ሳይረሳ። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ፎርሙ ላይ የሚገባው ስም ከመለያ ቁጥራችሁ ጋር የተመዘገበው ስም መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ካልሆነ ተመላሹ ይጓተታል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የልጆች ሰነድ፣ ተመላሽ የሚገባበት የባንክ ሂሳብ ቁጥርም አብረው ይዘጋጁ።

ባለሙያ ቢሠራላችሁም ይህ ሁሉ አይቀርም። ደረሰኝ በፌስታል ሞልቶ የሚሰጥ ሰው ባለሙያው ወረቀት ሲለይ ለሚያሳልፈው ሰዓት ነው የሚከፍለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ይሙላው ማን፣ ለተጻፈው ነገር ተጠያቂው ፈራሚው ነው። ክፍያውን ከተመላሹ ላይ በመቶኛ የሚያሰላ፣ የሠራውን ፎርም ራሱ ለመፈረም የማይፈልግ ወይም ተመላሹ በእሱ ሂሳብ እንዲገባ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ወረቀታችሁን ሰብስባችሁ ውጡ።

አንዳንድ አገር ይህን ሁሉ አቅልሎታል። ኢስቶኒያ ከ2000 ጀምሮ በኢንተርኔት ታስገባለች። ስዊድንና ዴንማርክ መንግሥት ራሱ ፎርሙን ሞልቶ ይልካል፤ ስዊድን ውስጥ የሚለወጥ ነገር የሌለው ሰው በስልክ መልእክት «ልክ ነው» ብሎ ይገላገላል። ደስ ይላል፣ ያስቀናልም። ግን ተሞልቶ የመጣው የሚያውቀው ሌሎች የነገሩትን ብቻ ነው። የኪራይ ገቢያችሁን ወይም የሥራ ወጪያችሁን ካልነገራችሁት አያውቅም፣ ስለዚህ ሳያነቡ ማጽደቅ አይሠራም።

ሳይዘጋጁ ቀኑ ከደረሰስ? ከገንዘቡ ይልቅ ፎርሙ ይቅደም። አሜሪካ ውስጥ ፎርሙን አለማስገባት ካልተከፈለው ግብር ላይ በየወሩ 5 በመቶ እስከ 25 በመቶ ያስቀጣል፤ አስገብቶ አለመክፈል ግን በወር 0.5 በመቶ ነው። ብሪታንያ ደግሞ ምንም ዕዳ ባይኖርባችሁ እንኳ ከዘገያችሁ 100 ፓውንድ ትላለች። የአሜሪካው እስከ ኦክቶበር 15 የሚሰጠው ማራዘሚያም የሚያራዝመው ማስገቢያውን እንጂ መክፈያውን አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተሸውዷል። ገንዘቡ ከሌለ በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል መጠየቅ ይቻላል፣ ሰው እንደሚፈራውም አይከብድም።

ካስገባችሁ በኋላ ወረቀቱን እንዳትጥሉት። አሜሪካ በመደበኛው 3 ዓመት፣ ከ25 በመቶ በላይ ገቢ ከተዘለለ 6 ዓመት ወደኋላ ልትጠይቅ ትችላለች። ካናዳ 6 ዓመት፣ አውስትራሊያ 5 ዓመት አቆዩ ይላሉ፤ ብሪታንያ የግል ሥራ ያለውን ሰው ከጃንዋሪ 31 በኋላ 5 ዓመት ታስይዘዋለች። ስህተት ካገኛችሁ ራሳችሁ ማስተካከያ ማስገባት ትችላላችሁ፣ እነሱ እስኪያገኙት አትጠብቁ። የቤት ወይም የአክሲዮን መግዣ ሰነድ ግን ከዚህ ሁሉ ቁጥር ውጭ ነው። ትርፉ የሚሰላው ከተሸጠበት ዋጋ ላይ የተገዛበትና ለማሻሻል የወጣበት ተቀንሶ ስለሆነ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ጣሪያ ያስቀየራችሁበት ደረሰኝ ሳይቀር ቤቱ እስኪሸጥ፣ ከተሸጠም በኋላ የዚያ ዓመት ማሳወቂያ የማቆያ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ቦታው ይቆይ።