ዜና መጽሔት በየትኛው ሶፍትዌር ይዘጋጅ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የወረዳ ኮሙኒኬሽንም ይሁን ትምህርት ቤት፣ ሰንበት ትምህርት ቤትም ይሁን ዩኒየን፣ ዜና መጽሔት ሊጀምር ሲነሳ «በምን እንሥራው?» ብሎ ይጠይቃል። መቅደም ያለበት ግን «የት ይታተማል?» የሚለው ነው። ደብረ ብርሃን ፎቶ ኮፒ ቤት የሚባዛ ባለ 4 ገጽ ጥቁርና ነጭ፣ አዲስ አበባ ወርዶ በኦፍሴት ከሚታተም ባለ 16 ገጽ ባለ ቀለም ጋር አንድ ዓይነት መሣሪያ አይፈልግም።

«በዎርድ ዜና መጽሔት አይሠራም»

ይሠራል። ፎቶ ኮፒ ለሚደረግ ከ2 እስከ 4 ገጽ እንዲያውም ሌላ መማር አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ሥዕሉ ከአንቀጹ ጋር ስለሚታሰር ነው፤ ከላይ አንድ መስመር ሲጨመር ፎቶው ወደሚቀጥለው ገጽ ይዘላል። ፎቶውንና መግለጫውን መስመር በሌለው ሠንጠረዥ ውስጥ ማስቀመጥ ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። ለማተሚያ ቤት ደግሞ የዎርዱን ፋይል አትላኩ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ፎንቱ ከሌለው መስመሩ ሁሉ ይሸሻል፣ 4ኛው ገጽ 5 ይሆናል። የሚላከው ፒዲኤፍ ነው። ከ8 ገጽ በላይ ሲሆን፣ ወይም ከ1ኛው ገጽ የጀመረ ዜና 6ኛው ላይ የሚቀጥል ከሆነ፣ ዎርድን መተው ነው።

«ፐብሊሸር አለን፣ ይበቃናል»

ማይክሮሶፍት የገጽ ማቀናበሪያውን ፐብሊሸርን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2026 እንደሚያቆም አስታውቋል። ከዚያ በኋላ የማይክሮሶፍት 365 ተመዝጋቢዎች የፐብሊሸር ፋይል መክፈት እንኳ አይችሉም። የቆዩ ዕትሞች ካሏችሁ ዛሬውኑ አንድ በአንድ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሯቸው። ነጻው ሊብሬኦፊስ «ድሮው» (Draw) በሚባለው ፕሮግራሙ የፐብሊሸር ፋይል ይከፍታል፤ ቅንብሩ ግን ሁልጊዜ እንደነበረ አይገኝም።

«ካንቫ ሁሉን ይተካል»

ለቴሌግራም ፖስተር በድረ ገጽ ላይ ከሚሠራው ከካንቫ የሚቀል የለም። ለዜና መጽሔት ግን ጽሑፍ ከአንዱ ሳጥን ሞልቶ ወደ ሌላው በራሱ አይፈስበትም፤ አንድ አንቀጽ ሲቆረጥ የቀረውን ሁሉ በእጅ ማሸጋሸግ ነው። በአብዛኛው ኢንተርኔትም ይፈልጋል። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ መስመር በተቋረጠ ቀን ዕትሙ ሊቆም ይችላል ማለት ነው።

«ባለሙያ የሚሠራው በኢንዲዛይን ብቻ ነው»

የአዶቤ የገጽ ማቀናበሪያ የሆነው ኢንዲዛይን ጥሩ ነው፤ ግን በኪራይ የሚከፈልበት ነው፣ ክፍያውም የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይጠይቃል። የተሰበረ ቅጂ መጫን ቫይረስ ከመጋበዝ አልፎ ኮምፒውተሩ በተቀየረ ቁጥር ራስ ምታት ነው። ነጻ የሆነው ስክራይበስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መልኩ አያምርም፣ ሥራው ግን የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። አፊኒቲም ከ2025 (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ የካንቫ አካውንት ማውጣት ግን ግድ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ከዎርድና ከነጻው ካንቫ የሚለዩበት ዋና ነገር ጥቁሩ ነው። ኦፍሴት በአራት ቀለም ያትማል፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ዎርድና ነጻው ካንቫ የሚያወጡት ፒዲኤፍ የስክሪን ቀለም፣ ማለትም አርጂቢ ነው። ይህ ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ ማለትም ወደ ሲኤምዋይኬ ሲቀየር ጥቁሩ ጽሑፍ በአራቱም የማተሚያ ሰሌዳ (ፕሌት) ላይ ሊበተን ይችላል። ወረቀቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ከተንሸራተተ «ጨ» እና «ጩ» የሚለዩባት ጭረት ትደፈናለች። ስለዚህ የጽሑፉ ቀለም ጥቁር 100 በመቶ፣ ሌሎቹ 0 መሆን አለበት። ስክራይበስ ላይ «ብላክ» የሚለው ቀለም እንዲህ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ አፊኒቲ ላይ ገና ሰነዱ ሲከፈት ሲኤምዋይኬ መምረጥ ይሻላል። በፎቶ ኮፒ ብቻ የምታባዙ ከሆነ ይህን ሁሉ ዝለሉት።

«የአማርኛ ፎንት ከተጫነ አለቀ»

አላለቀም። የድሮው የገጽ ማቀናበሪያ ፔጅሜከር ዛሬም ያልወጣባቸው ኮምፒውተሮች አሉ። የመጨረሻው 7.0 የወጣው በ2001 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ዩኒኮድንም አያውቅም። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩት ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝን መልክ የሚስሉ ናቸው። ፎንቱ ሲታጣ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ድርድር ይሆናል፣ ቴሌግራም ላይም አይለጠፍም፣ ፍለጋም አያገኘውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን የሚያስገድድ ነገር የለም።

አዲስ ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ፤ አምስት ደቂቃ አይወስድም። «ሏ፣ ቧ፣ ኳ፣ ጿ» ያለበት አንቀጽ ከነአራት ነጥቡና ከነድርብ ሰረዙ ጻፉ፣ ፒዲኤፍ አውጡ፣ ከፒዲኤፉ ቀድታችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። የተለጠፈው ከተጻፈው ከተለየ ሶፍትዌሩ ወይም ፎንቱ አይሆንም። ያው ፒዲኤፍ ስልክ ላይም ይከፈት፤ ባዶ ሳጥን ከታየ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አልተካተተም።

ለርዕስ ድምቀት ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት «ቦልድ» ማድረግም ስሕተት ነው። ኒያላ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ሶፍትዌሩ በግድ ሲያወፍረው ፊደሉ ይለወሳል። ስክራይበስ ጭራሹኑ አያወፍረውም፣ ብዙዎች «ተበላሸ» የሚሉት ያኔ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ፎንት ግን ከቀጭን እስከ ደማቅ ራሱን የቻለ ውፍረት አለው።

«ሦስት ዓምድ ጋዜጣ ያስመስላል»

ያስመስላል፤ ግን ኤ4 ላይ 15 ሚሊሜትር ጠርዝ ትታችሁ በ6 ሚሊሜትር ክፍተት ለሦስት ስትከፍሉት አንዱ ዓምድ 56 ሚሊሜትር ነው የሚሆነው። በዚህ ውስጥ አራት የአማርኛ ቃል ቢገባ ነው። ግራና ቀኝ ሲስተካከል በቃላቱ መካከል ገደል ይፈጠራል፤ የእንግሊዝኛን ቃል ቆርጦ የሚያወርደው ሥርዓት አማርኛን አያውቅም። ሁለት ዓምድ፣ ባለ 11 ነጥብ ፊደል፣ 15 ወይም 16 ነጥብ የመስመር ርቀት ይሻላል።

«ፎቶውን ሶፍትዌሩ ያጠራዋል»

የለም። ቴሌግራም በፎቶነት የተላከን ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል፤ ለኅትመት በሚፈለገው ጥራት (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) ይህ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዘጋቢው ፎቶውን «ፋይል» ብሎ ይላክ።

«ገጹን አጣጥፈን፣ ደርድረን መላክ አለብን»

ታጥፎ በመሐሉ ስፌት የሚመታ መጽሔት የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ 10 ገጽ ካላችሁ ወደ 12 ማድረስ ወይም ወደ 8 ማውረድ ነው። ድርደራው ግን የማተሚያ ቤቱ ሥራ ነው። እናንተ ገጾቹን ከ1 ጀምሮ በተርታ፣ ነጠላ ነጠላ፣ ቀለም እስከ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ በየዙሪያው 3 ሚሊሜትር ትርፍ ሰጥታችሁ ላኩ።